አማት በሦስተኛው መስመር

ስሙን የሚያውቁት ከቤተሰቡና ከደመወዝ ከፋዩ በቀር ብዙ አይደሉም። ሾፌሩ ሁሉ የሚጠራው «ጠግነህ ና» እያለ ነው። በተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያው ሦስተኛ መስመር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ሲቆም ከአፉ አብዝቶ የወጣው ቃል ይኸው ስለሆነ ስም ሆኖ ቀረበት። በፊቱ የሚጠራው የለም፤ እሱ ግን ያውቃል፣ ቅርም አይለውም። እንዲያውም አንድ ቀን አንድ ሰው ደውሎ «ጠግነህ ና ነህ?» ሲለው «ነኝ፤ ምን ፈለግህ?» ብሎ መልሷል። ሰውየው ደንግጦ ስልኩን ዘጋ።

ሥራው ላየው ሰው ቀላል ነው። መኪናው ይገባና ጎማዎቹ በሚሽከረከሩት ብረቶች ላይ ይወጣሉ፤ ፍሬን ሲረገጥ ግድግዳው ላይ ያለው መርፌ ይነሳል ወይም አይነሳም። ቀጥሎ ጭስ ማውጫው ውስጥ ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ነዳጅ ይሰጣል፤ ማሽኑ ጭሱን አሽትቶ ቁጥር ያወጣል። ከዚያ ጠግነህ ና ጉድጓዱ ውስጥ ይወርድና በባትሪ እያበራ፣ ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ ኳ ኳ እያደረገ ከሆዱ በኩል ያየዋል። መብራት፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ ቀበቶ። ላለፈው የዓመቱ ቦሎ ይለጠፍለታል። የወደቀው በሠላሳ ቀን ውስጥ ተጠግኖ ይመለሳል፤ ካልተመለሰ ከመንገድ ይወጣል።

ሰዎች ለጥብቅነቱ ምክንያት ይፈልጉለታል። ፍሬን የበጠሰ መኪና ወንድሙን ገድሎበት ነው ይላሉ፤ ወንድም የለውም። እናቱን ገጭቷቸው ነው የሚሉም አሉ፤ እናቱ ግን ደኅና ናቸው፣ ከጉልበታቸው በቀር የሚያማቸው የለም። እውነቱ ይህን ያህል ወሬ አይወጣውም። ቅጹ «ፍሬኑ ይይዛል?» ብሎ ይጠይቃል፤ የማይዝ ከሆነ እሱ «አይዝም» ብሎ ይጽፋል። ሌላ ምን ሊጻፍ እንደሚችል ገብቶት አያውቅም።

ከጣቢያው በስተጀርባ ያለው ጎሚስታ አራት ደህና ጎማዎች ነበሩት። አይሸጣቸውም፤ ለምርመራ ቀን ያከራያቸዋል። ባለመኪናው ያለቁትን አውልቆ እነዚያን ያስገጥማል፣ ያልፋል፣ ተመልሶ ያስረክባል። ከአራቱ በአንዱ ጎን ላይ ባቄላ የምታክል ነጭ ቀለም አለች። ጠግነህ ና ያቺን ነጠብጣብ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሁለት ታክሲዎችና በአንድ ዳቦ ማመላለሻ ላይ አያት። በአራተኛው ጊዜ አንድ የቤት መኪና ይዟት ሲመጣ ባለመኪናውን የኋላውን ዕቃ መጫኛ ክፈት አለው። ያለቁት አራቱ ተደራርበው ተኝተዋል። ቅጹ ላይ «መኪናው ስምንት ጎማ አለው፤ አራቱ ያለቁ ናቸው» ብሎ ጻፈ። ጎሚስታው ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነሳው።

እሱ ራሱ መኪና የለውም። በአውቶቡስ ነው የሚመላለሰው። ሚስቱ ግን አብራው መቀመጥ ትታለች፤ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ጆሮውን አዘንብሎ «የኋላ ቀኝ» ወይም «የፊት ፍሬን ሸራው አልቋል» እያለ ለራሱ ስለሚያጉረመርም፣ በአካባቢው ያሉት ሰዎች ቦርሳቸውን አቅፈው ይቀመጣሉ።

አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ሠላሳ አምስት ዓመት አዋልደዋል። በሰፈሩ ውስጥ ቁመቱን የሚያወራ ጎረምሳ ካለ «አንተን እኮ ስትወጣ አንድ ክንድ አትሞላም ነበር» ብለው ዝም ያሰኙታል። የጠግነህ ናን ሁለት ልጆችም የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗል። ሰውየው ትተውላቸው የሄዱት አንዲት ሠላሳ ዓመት ያለፋት ፈዛዛ አረንጓዴ መኪና ናት። በሕይወት ሳሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እጅጌያቸውን ሰብስበው ያጥቧት ነበር፤ አማትየውም «እንደዚህ የሚንከባከባት ሰው ኖሯት እንዴት ትበላሻለች» የሚል እምነት ነበራቸው።

ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ የዓመቱን ቦሎ የሚያመጣላቸው አንድ ደላላ ነበር። ወረቀት ይሰጡታል፣ ቦሎ ይዞ ይመለሳል፤ መኪናዋ ከግቢ ንቅንቅ አትልም። እሳቸው አሠራሩ እንዲህ ይመስላቸው ነበር። በአራተኛው ዓመት ግን ጣቢያው ካሜራ ገጠመ፤ መኪናው በሚሽከረከሩት ብረቶች ላይ ቆሞ ታርጋው ፎቶ ካልተነሳ ቦሎ አይወጣም ተባለ። ደላላው ይቅርታ ጠይቆ ወደ ቤት ድለላ ዞረ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሚስቱ የትንሿን ልጅ ጫማ እያሰረች «እማዬ ዛሬ መኪናዋን ይዛ ትመጣለች» አለችው። እሱም «ይምጡ» አለ። ሚስቱ ቀና ብላ ትንሽ አየችው። እንዴት ያለ አስተያየት እንደሆነ ገብቶታል።

አራት ሰዓት ላይ መጡ። ከመታየታቸው በፊት ተሰሙ። ለምርቃት እንደሚሄድ ሰው ለብሰው፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነበር። ሰልፉ ውስጥ እሳቸው ያዋለዷቸው ሦስት ሰዎች ስለነበሩ፣ ሦስቱም ወርደው ተራቸውን ሰጧቸው። ወደ ሌላ መስመር ይሂዱ ቢባሉም እሺ የሚሉ አልነበሩም፤ የአማቻቸውን መስመር ትቶ ወደ ባዕድ መሄድ ልጁን ማሳዘን መስሏቸዋል።

ጠግነህ ና ወደ አለቃው ቢሮ ሄዶ፣ የመጡት አማቱ መሆናቸውን፣ ዘመድ ዘመድን ቢመረምር ደግ እንዳልሆነ፣ ሌላ ሰው እንዲያይለት ነገረው። አለቃው የመጀመሪያው መስመር ቀኑን ሙሉ በከባድ መኪና እንደተያዘ፣ የሁለተኛው ማሽን ደግሞ ከተበላሸ ሳምንት እንዳለፈው አስታወሰው። ከዚያም በመስኮቱ ወደ ውጭ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የእኔንም መንትዮች ያዋለዱት እሳቸው ናቸው» አለ። «አሳልፋቸውና ወደ ምሳችን እንሂድ።»

ጠግነህ ና ተመልሶ ሥራውን ጀመረ። የኋላ ግራ ጎማ ላይ መርፌው አልተነሳም። ማሽኑ የተበላሸ እንዳይሆን ሦስት ጊዜ አስረገጣቸው፤ ሦስቴም አልተነሳም። የጭሱ ማሽን አንድ ቁጥር አውጥቶ ጸጥ አለ፤ ቱቦውን አውጥተው መጥረግ ነበረባቸው። ጉድጓድ ወርዶ ሻንሲውን በመዶሻ ነካ ሲያደርገው መዶሻው ወደ ውስጥ ገባ። ክላክሱ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን የግራ ፍሬቻ በርቶ ከሆነ ብቻ ነው። ሲጨርስ ጉድለቱ አሥራ አንድ ደረሰ። አሥራ አንዱንም በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጻፋቸው፣ ምክንያቱም አማቱ መነጽር ረስተው መውጣት ያበዛሉ።

ወረቀቱን ሲሰጣቸው ሰልፉ ሁሉ ዝም ብሎ ያይ ነበር። እሳቸው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ልጅህ ሊወለድ በእግሩ የመጣ ጊዜ» አሉት፣ «ሚስትህን ‹አስተካክለሽ ነይ› ብዬ ወደ ቤቷ መልሻታለሁ?»

ጠግነህ ና ጥያቄ ስለሆነ አሰበበት።

«አልመለሷትም» አለ። «ለመኪና ግን ሠላሳ ቀን ይሰጣል።»

ከዚህ የባሰው ቀጥሎ መጣ። የኋላ ፍሬኗ የማይዝ መኪና ተነድታ ከጣቢያው እንድትወጣ ደንቡ አይፈቅድም። ይህንንም ነገራቸው። ጎታች መኪና ተጠራ። እነዚያ ሦስት ሰዎች አረንጓዴዋን ገፍተው መንጠቆው ላይ ሲያደርሷት፣ አማቱ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመው አዩ። ከመሄዳቸው በፊት ወደ እሱ ዞሩ።

«እናመሰግናለን» አሉ። «ሥራዎን በደንብ ሠርተዋል።»

አሥራ አራት ዓመት «አንተ» ሲሉት ኖረው፣ በዚያች ቅጽበት «እርስዎ» ሆነ። ጠግነህ ና ብዙ ስድብ የለመደ ሰው ነው፤ መኪና ተነድቶበት ያውቃል፣ መነጽሩ ተሰብሮበት ያውቃል። ይህቺ ግን ገባችበት። ከሰዓት በኋላ ሁለት ታክሲ ካየ በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ ባትሪውን ማብራት ረስቶ ተገኘ።

ቤቱ ቀዘቀዘ። ሚስቱ አልጮኸችም፤ አለመጮኋ ነበር የከበደው። ምሳውን ትቋጥርለታለች፣ ሸሚዙን ትተኩስለታለች፣ «ደኅና ዋል» ትለዋለች፤ ከዚያ ውጭ ያለውን ነገር ሁሉ ለልጆቿ ነው የምትነግረው። አማቱ ሲደውሉ ድሮ «ያ ልጅ ደኅና ነው?» ይሉ የነበሩት፣ አሁን «መርማሪው ቤት አሉ?» ማለት ጀመሩ። ያሉ እንደሆነ ስልኩን ይዘጋሉ።

እሑድ ዕለት የሚስቱ ታላቅ ወንድም መጣ። ባንክ የሚሠራ፣ ነገር በለሆሳስ የሚያስረዳ ሰው ነው። ሶፋው ላይ ተመቻችቶ ተቀምጦ ብዙ አወራ። ደንብ ደንብ መሆኑን እንደሚያውቅ፣ እሱም በመሥሪያ ቤቱ ደንብ እንደሚያከብር፣ ነገር ግን እናት እናት መሆኗን፣ ሴትየዋ ከገበያና ከጓደኞቻቸው ቤት በቀር የትም እንደማይሄዱ፣ ለዚህች ለዚህች ዓይንን ጨፈን ማድረግ ማንንም እንደማይጎዳ ተናገረ። ጠግነህ ና እስኪጨርስ ጠበቀው።

«ልጆችህ በእሳቸው መኪና ለመጨረሻ ጊዜ የሄዱት መቼ ነው?» ሲል ጠየቀው።

ወንድምየው መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። ታላቁን ልጁን መኪና እንደሚያጥወለውለው ተናገረ። ትንሹ በእግሩ መሄድ እንደሚወድ ጨመረ። ከዚያ ንግግሩን አቋረጠ፤ የሚያጥወለውለው ልጅ በየቀኑ በአባቱ መኪና ትምህርት ቤት እንደሚሄድ ትዝ ሳይለው አልቀረም። ጠግነህ ና ወደ ጓዳው በር አየ። ሚስቱ ሳህን ይዛ ቆማለች። እሱና ሚስቱም ቢሆኑ፣ አማቱ ልጆቹን ላድርስ ባሉ ቁጥር ወይ ትንሿ ሆዷን ያማታል፣ ወይ ትልቁ የቤት ሥራ አለበት። ማንም ከማንም ጋር አልተመካከረም። አራት ዓመት ሙሉ ሁሉም በየፊናው፣ አያትየውን ሳያስቀይም፣ ልጆቹን ከዚያች መኪና ሲያርቅ ኖሯል። ወንድምየው ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ።

በማግስቱ ሚስቱ ሥራዋን አስፈቅዳ እናቷ ዘንድ ሄደች። የሆነውን ማታ በልቶ ሲጨርስ ነገረችው፤ ከስድስት ቀን በኋላ በቀጥታ ያነጋገረችው ያኔ ነው። እናትየው ሲኒ ሲያጥቡ፣ ልጆቹ በመኪናዋ የማይሄዱበትን ምክንያት ነገረቻቸው። ሰሙ። ያንኑ ሲኒ መልሰው አጠቡት፣ ደግመው አጠቡት።

«ስለዚህ ሁላችሁም ታውቁ ነበር» አሏት። «አፍ ያለው ግን አማቼ ብቻ ነው።»

ከዚያ መነጽራቸውን አንስተው ያን ወረቀት ፈለጉት።

መኪናዋ ሳምንት ሙሉ ጋራዥ ቆማለች። መካኒኩ እሳቸው ያዋለዱት ሰው ነው፤ በዚህም ምክንያት መኪናዋን ባመጡለት ቁጥር «ደኅና ናት እማማ» እያለ ሲመልሳቸው ኖሯል። አሁንም እጁን አላሳረፈባትም፤ የመርማሪው ልብ ይራራል ብሎ እየጠበቀ ነበር። አማትየው ገብተው ወንበር ጠየቁ። መኪናዋ አጠገብ ተቀምጠው ወረቀቱን ጭናቸው ላይ ዘርግተው «ከቁጥር አንድ ጀምር» አሉት።

በየቀኑ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እዚያ ናቸው። የተፈታ ዕቃ ሁሉ ይታየኝ አሉ። ሠላሳ አምስት ዓመት እንግዴ ልጁ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን አገላብጠው ሳያዩ እናቲቱን ያላሰናበቱ ሴት ናቸውና፣ የፍሬን ሸራውንም፣ ማጣሪያውንም፣ የዛገውን ቱቦም በጋዜጣ ላይ አስደርድረው ያገላብጡታል፤ «ይኼ ጎኑ የት ሄደ?» ይላሉ። መካኒኩ መጀመሪያ ላይ ሳቀ። በሦስተኛው ቀን ሳያዩ የሚገጥመው ነገር አልነበረም። ሌሎች ደንበኞችም መጥተው የገዛ መኪናቸውን ዕቃ እንዲያዩላቸው ይጠይቋቸው ጀመር።

አራተኛው ቀን ላይ የኋላ ግራ ጎማ ተፈታ። ወደ ጎማው የሚሄደው የፍሬን ዘይት ቱቦ ተቆርጦ አፉ በብሎን ተደፍኗል። መካኒኩ እሱ እንዳልሠራው ማለ። መማል አላስፈለገውም። ብሎኑ የተጠቀለለበት ቢጫ ፕላስተር ባለቤታቸው የአትክልት ማጠጫውን ጎማም፣ የሬዲዮኑን አንቴናም፣ የመነጽራቸውን እግርም ይጠግኑበት የነበረው ነው። ጥቅሉ አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ።

በዚያ ምሽት አማቱ ሳይደውሉ ወደ እነ ጠግነህ ና ቤት መጡ። አልተቀመጡም። መሀረባቸውን ፈትተው ብሎኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና መኪናን ምን እንደሚያደርግ ጠየቁት። ጠግነህ ና አንስቶ በመብራት አየው። ቱቦው ያፈስ ስለነበር የተደፈነ መሆኑን፣ መኪናዋ ከዚያ ወዲህ በሦስት ጎማ ብቻ ስትይዝ እንደቆየች፣ በድንገት ፍሬን ቢያዝ ወደ ቀኝ እንደምትስብ አስረዳቸው።

«እኔን አጠገቡ አስቀምጦ» አሉ። «ከተማውን ሁሉ አዙሮኛል።»

ሚስቱ ከእናቷ ጀርባ ቆማ አንድ ደግ ነገር እንዲናገር በዓይኗ ለመነችው። ጠግነህ ና ብሎኑን አንዴ አገላበጠው።

«ማፍሰሱን አቁመዋል» አለ። «ለማፍሰሱ ከሆነ በደንብ የተሠራ ነው።»

ከአማቱ አፍንጫ ሳቅ ይሁን ሌላ ያልለየለት ድምፅ ወጣ። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«አንተ ሰው ማጽናናት አትችልበትም» አሉት።

«አንተ» መባሉን ሁለቱም ልብ አሉ። እራት ቀረበ። ብሎኑ ጨው መያዣው አጠገብ እንደተቀመጠ በሉ። አማቱ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የባለቤታቸውን ፎቶ ከግድግዳው አላወረዱም፤ ለአንድ ሳምንት ያህል ግን አቧራውን አልወለወሉለትም።

ወደ ጣቢያው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመለሱ ጉድለቱ አራት ቀርቷል። ጠግነህ ና አራቱን ጻፈ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ጭሱ ብቻ ነበር የወደቀው፤ እሱም ለጥቂት። አለቃው ከቢሮው ወጥቶ፣ ይህቺን ያህል ጭስ የእሱ የራሱ መኪናም እንደምታወጣ ተናገረ። ጠግነህ ና የአለቃው መኪና ምርመራዋ መቼ እንደሆነ ጠየቀው። አለቃው ወደ ቢሮው ተመለሰ። አማቱ ግን ክርክር አልገቡም፤ ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና «የነዳጁን መርፌ አፅዳው ብዬው ነበር» እያሉ ወደ ጋራዥ ነዱ።

በሃያ ስምንተኛው ቀን መርፌው በአራቱም ጎማ እኩል ተነሳ። ጭሱ ቁጥር ውስጥ ገባ። መዶሻው ሻንሲውን ሲመታ ደረቅ ድምፅ ሰጠ። ጠግነህ ና ቦሎውን አየር እንዳይገባበት በአውራ ጣቱ እየዳመጠ የፊት መስታወቱ ላይ ለጠፈ። የሥራ መውጫ ሰዓት ደርሶ ስለነበር አማቱ የጎኑን በር ከፍተው «ግባ፣ ቤት ላድርስህ» አሉት።

በዚያች መኪና ሲሄድ የመጀመሪያው ነው። መኪናዋ ምንም እንከን አልወጣላትም። አማቱ ግን የመንገዱን መሀል ይዘው ይሄዳሉ። ሲያወሩ ፊታቸውን ወደ እሱ ያዞራሉ፤ ብዙ ያወራሉ። በስፖኪዮ የሚያዩት ሻሻቸውን ነው። በግራ በኩል አንድ ብስክሌተኛ ብስክሌቱን ጥሎ ሲያመልጥ «ምን ሆነ ሰውየው?» አሉ። ጠግነህ ና የበሩን እጀታ ሳይለቅ ቤት ደረሰ። ሚስቱ እንዴት እንደነበር ስትጠይቀው ፍሬኑ እኩል እንደሚይዝ ነገራት። ሌላስ ስትለው ነጂውን የሚመረምረው ሌላ መሥሪያ ቤት መሆኑን ነገራት።

ሆኖም ዝም ብሎ ማለፉ ሌሊቱን አላስተኛውም። በበነጋው ከሥራ መልስ ወደ አማቱ ቤት ሄዶ፣ ሳይቀመጥ፣ ዓይናቸውን ሐኪም ቢያይላቸው ደስ እንደሚለው ተናገረ። አማቱ እንደገና «እርስዎ» ሊሉት አፋቸውን አዘጋጅተው ነበር። ከዚያ ምን እንዳሰቡ አይታወቅም፤ ኮታቸውን ለበሱና የሐኪሙ ቤት የት እንደሆነ ጠየቁት። የግራ ዓይናቸው ሞራ ጀምሮት ነበር። የመንገዱን ግራ በግምት ነበር ሲነዱበት የኖሩት። ሕክምናው ሁለት ወር ወሰደ፤ መኪናዋም ሁለት ወር ቦሎዋን ለብሳ ግቢ ውስጥ ቆመች።

ሲሻላቸው ሚስቱ ሦስት ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጣ ሄደች። ሦስት ጊዜም ደህና ተመለሰች። በአራተኛው ቅዳሜ ልጆቹ ቀበቷቸውን አስረው ከኋላ ተቀመጡ። ትንሿ ሆዷን አላመማትም። ሦስት መንገድ ዞረው በደህና መጡ፤ ጠግነህ ና በሩ ላይ ቆሞ ሞተሩን ሲሰማ ከቆየ በኋላ ምንም ሳይናገር ወደ ቤት ገባ፤ ሚስቱም ይህን እንደ ምስጋና ቆጠረችው።

በዓመቱ ምርመራው ሲደርስ አማቱ ወደ ሁለተኛው መስመር ሄዱ። ማሽኑ ተሠርቶ አንዲት ወጣት መርማሪ ተመድባበት ነበር። ዘመድ ዘመድን አይመረምርም ብለው እሳቸው ራሳቸው ለአለቃው አስረዱት። መኪናዋ አለፈች፤ ልጅቷ ግን ከታች «የግራው የዝናብ መጥረጊያ ደክሟል» የምትል አንዲት መስመር ጨመረችበት። አማቱ መጥረጊያው የወር ዕድሜ እንደሌለው፣ ከማን እንደገዙትም፣ የድሮውም ጋዜጣ ላይ ተቀምጦ እንዳለ ነገሯት። ልጅቷ መስመሯን አልሰረዘችም። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየሁለት ቀኑ መጥረጊያውን በጋዜጣ ጠቅልለው እየመጡ ሲከራከሯት፣ ጠግነህ ና ሦስተኛው መስመር ላይ የራሱን ሥራ ይሠራ ነበር። ማንም አስተያየቱን አልጠየቀውም፤ እሱም አልሰጠም።